ስለ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የጤናና የክትባት መስፈርት፦ በወሎ ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣
ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት፣
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከደላንታ፣ ከዋድላ፣ ከሐብሩ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቡ፣ ከለጋምቦና ከቦረና ወረዳዎች ልጆቻችን ዘንድሮ ወደ ተቋማችሁ የተመደቡልን ወላጆችና አሳዳጊዎች ነን። በመካከላችን ገበሬዎች፣ መምህራን፣ አነስተኛ ነጋዴዎችና በወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች አሉ። የተቋሙን ስም በአደባባይ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ለእናንተ ደብዳቤው በእጅ ደርሷችኋል፤ ሕዝብም እንዲያነበው የፈለግነው ይኸው አሠራር በሌሎች ተቋማት እንዳይደገም ስለምንሰጋ ነው።

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ያወጣችሁት ጥሪ፣ ከተለመዱት የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎች፣ ከጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከአንሶላ፣ ከብርድ ልብስና ከስፖርት ትጥቅ ሌላ አራት ነገሮችን ጨምሮ መጣ፦ ከሕፃንነት ጀምሮ የተወሰዱ ክትባቶችን የሚያሳይ ካርድ፣ ሦስቱንም ዙር የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት መውሰድን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ የደረት ራጅ ውጤት፣ እንዲሁም የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት የሰፈረበት፣ ሐኪም የፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የጤና ምስክር ወረቀት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ተማሪ እንደማይመዘገብና የመኝታ ክፍል እንደማይሰጠው በጥሪው ላይ ተጽፏል። ጥሪው ከተሰማበት ቀን እስከ ምዝገባው ድረስ የነበረው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም።

ክትባትን የምንቃወም ሰዎች እንዳልሆንን አስቀድመን እንገልጻለን። ኩፍኝ ወንድምና እህት የወሰደብን፣ በመንጋጋ ቆልፍ የሞተ ጨቅላ የቀበርን ሰዎች በመካከላችን አለን። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችን በተወለድንበት ቀበሌ ግን በወጉ የደረሰው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው። ከየአካባቢው የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተደራርበው ሲያድሩ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና ሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ እንደሚዛመቱ እናውቃለን፤ ልጆቻችን ከእነዚህ እንዲጠበቁ ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን። ቅሬታ ያሳደረብን መስፈርቱ አንድም ተማሪ ሳያስከትብ ወረቀት ብቻ መጠየቁ፣ ወረቀቱንም ሊገኝ ከማይችልበት ቦታ መጠየቁ ነው።

የክትባት ካርዱን ጉዳይ እናስቀድም። ካርዱ ለእናትየው ተሰጥቶ ልጁ በዘጠነኛ ወሩ የኩፍኝ ክትባቱን ሲወስድ ሥራው አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ማንም ትምህርት ቤት ጠይቆት አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጤና ኬላው የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደርና በጤና ጣቢያ ያለው መዝገብ ሁለተኛ ማስረጃ ሊሆኑን ይችሉ ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ አልጋውና የክትባት ማቀዝቀዣው ሲወሰድ መዝገቡ ተበትኗል፣ በብዙ ቦታም ተቃጥሏል። በዞኖቻችን ያሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትም በዚያው ወቅት ንብረታቸው ተዘርፏልና ሰነድ እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ ማስረዳት አይገባንም።

ከሐብሩ የመጣች አንዲት ተማሪ እናት ልጇ የተከተበችበት ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዳ ከ2014 ዓ.ም. በፊት የነበረው መዝገብ እንደሌለ ተነገራት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህንኑ በደብዳቤ ጽፈው ማኅተም አድርገው ሰጧት። በምዝገባው ቦታ የተቀመጡት ሠራተኛ ግን ካርድ እንጂ ስለ ካርድ መጥፋት የተጻፈ ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ነግረው ልጅቱን ከሰልፍ አስወጧት። ሌላው ተማሪ ቤተሰቡ ከወለጋ ተፈናቅሎ በጃራ መጠለያ የኖረ ነው። በመጠለያ እየኖረ ተምሮ ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ነው፤ ካርዱን ከተወለደበት ወረዳ እንዲያመጣ ታዘዘ። ወደዚያ ሊመለስ የማይችልበት ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም፣ ሠራተኛውም ልጁ ከየት እንደመጣ ከነገራቸው በኋላ ነበር ይህን ያሉት።

ካርድ የተገኘላቸውም ቢሆኑ አልዳኑም፤ ምክንያቱም የተጠየቀው ነገር በብዙዎቹ ካርድ ላይ ሊኖር አይችልም። ዘንድሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች በአብዛኛው ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተወለዱ ናቸው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ተካቶ በአገራችን መደበኛ ፕሮግራም መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ እናቱ አንድም ቀን ሳታጓድል ብታስከትበው እንኳ ይህ ክትባት አልተሰጠውም፣ ካርዱ ላይም ቦታ የለውም። ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት በመደበኛነት የተጀመረው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሲሆን የሚሰጠው 15 ወር ለሞላቸው ሕፃናት ነው፤ ልጆቻችን በዚያ ጊዜ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ። የወሰዱት ተጨማሪ የኩፍኝ ክትባት በዘመቻ የተሰጠ ነው፤ በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ምልክቱ ጣት ላይ የሚቀባ ቀለም እንጂ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት አልነበረም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ከ1 እስከ 29 ዓመት ላለው ሕዝብ ስለተሰጠው የማጅራት ገትር ክትባትም ዛሬ ልጆቻችን በእጃቸው የያዙት ማስረጃ የለም። መስፈርቱን ያዘጋጀው ሰው እነዚህን ዓመታት ከተማሪዎቹ ዕድሜ ጋር ቢያስተያይ ኖሮ ይህ ጥያቄ በወረቀት ላይ ባልሰፈረ ነበር ብለን እናምናለን።

የጉበት ክትባቱን በተመለከተ ደግሞ በሕፃንነቱ ላልተከተበ ተማሪ የተጠየቀው ነገር በምንም መንገድ ሊፈጸም የማይችል ነው። ይህ ክትባት ለወጣትና ለአዋቂ የሚሰጠው በሦስት ዙር ሲሆን ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር ቆይቶ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር ነው። ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ሦስቱንም ዙር ጨርሶ መምጣት አይቻልም፤ ዙሮቹን አቀራርቦ ለመጨረስ መሞከርም ክትባቱ የሚሰጠውን መከላከያ ያሳንሳል። ከለጋምቦ የመጣ አንድ አባት ክትባቱ በጤና ጣቢያው ለአዋቂ እንደማይሰጥ ሲነገረው ሁለት በጎቹን ሸጦ ልጁን ደሴ አውርዶ በግል ክሊኒክ የመጀመሪያውን ዙር አስወጋው። ልጁ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር የሚሰጥበት ቀን የተጻፈበትን ትክክለኛ ካርድ ይዞ ቀረበ። የተሰጠው መልስ «ጨርሰህ ተመለስ» የሚል ነበር። ስድስት ወር ማለት የአንደኛ ዓመት ትምህርት ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። መስፈርቱ የጉበት ቫይረስ ምርመራን ውጤትና የክትባቱን ማስረጃ አንድ ላይ ይጠይቃል። ቫይረሱ በደሙ ለተገኘበት ተማሪ ክትባቱ አይጠቅመውም፤ እርሱ የሚያስፈልገው የሐኪም ክትትልና የጉበቱ ሁኔታ በየጊዜው መታየቱ ነው። ታዲያ ይህ ተማሪ የትኛውን ወረቀት ይዞ ይምጣ? ከእኛ ልጆች መካከል ይህ የገጠመው አለ። ውጤቱ ሌሎች ተማሪዎች በቆሙበት ሰልፍ መካከል ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ከዚያም ዶርም ሊሰጠው እንደማይችል ተነገረው። ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በደም፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ምላጭና መርፌን የመሰሉ ስለታም ነገሮችን በጋራ በመጠቀም ነው። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ክፍል በማደር አይተላለፍም። በወሊድ ጊዜና በመጀመሪያው ዓመት ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉ፤ በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ግን ቫይረሱ በደማቸው የሚቆየው ከ100 አምስት ለማይሞሉት ነው። ስለዚህ በ18 ዓመቱ ቫይረሱ የተገኘበት ወጣት በአብዛኛው የተያዘው ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ያ ልጅ አሁን ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከሰው ጋር መብላት ትቷል፤ እናቱም የእርሷን ደም ለማስመርመር ፈርታለች። ይህን ስንጽፍ እጃችን ከብዶናል፣ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ እንድታስቡበት እንለምናለን።

ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ብዙ አንጽፍም። በአገራችን ምርመራው በፈቃደኝነትና በምስጢር የሚደረግ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ መንግሥት ሠራተኛ ሲቀጥር እንኳ የሚጠይቀው የጤና ማስረጃ ኤችአይቪን አይጨምርም። ለሥራ ያልተጠየቀ ለትምህርት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

የኩፍኝና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለመውሰድ ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ልጆችም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ በዚህ የጤና ባለሙያዎቹን አንወቅስም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከው ክትባት በአካባቢው ባሉ ሕፃናትና እናቶች ቁጥር የተሰፈረ ነው። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ደግሞ ለብዙ ልጆች የሚሆን መጠን የያዘ ሲሆን አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ለአንድ ወጣት ተብሎ ብልቃጥ ቢከፈት የሚባክነው በማግስቱ እናታቸው አዝላቸው ለሚመጡት ሕፃናት የተቀመጠው ነው። ይኸው ክትባት በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ቀን በብዛት በተሰበሰቡበት ቢሰጥ ግን የሚባክን አይኖርም። መስፈርቱ በየወረዳው ተበታትኖ ሊሠራ የማይችለውን ሥራ፣ በአንድ ግቢ በቀላሉ ሊሠራ እየቻለ፣ መልሶ ወደየወረዳው በተነው።

የደረት ራጁም እንዲሁ ነው። ጤና ጣቢያ ራጅ የለውም። ከብዙ ቀበሌዎች ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ መውጣት ግድ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋል። ከቦረና የተነሱ ሁለት ልጃገረዶች ለራጅ ብለው ከወጡ በኋላ መንገድ ተዘግቶባቸው በማያውቁት ሰው ቤት ለማደር ተገደዋል፤ ያሳደሯቸውን ቤተሰቦች እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ እንደሚሰጥ ይታወቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ያለበትን ተማሪ በጥያቄ ለይቶ አክታውን መመርመር የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። በሽታው የሚዛመተው በተጨናነቀና አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ መስፈርቱ ስለ መኝታ ክፍሎቹ መጨናነቅና ስለ መስኮቶቻቸው አንድም ቃል አለመያዙ አሳዝኖናል።

ለዚህ ሁሉ ወጪ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ካርዳችን አልሠራልንም፤ ካርዱ ለታመመ ሰው ሕክምና እንጂ ለምስክር ወረቀት እንደማያገለግል በየመስኮቱ ተነግሮናል። በአንዳንድ ቀበሌዎች ቅሬው (እድሩ) ለቀብርና ለሐዘን ካስቀመጠው ገንዘብ አውጥቶ ልጆቹን ረድቷል። በሌላ ቦታ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጥሪው ዜና በተሰማ ሰሞን ሦስቱም ዙር የተሞላበት፣ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈበት፣ ማኅተሙና የሐኪሙ ቲተር ያረፈበት ካርድ በገንዘብ ይሸጥ ጀመር። ይህን ወረቀት የገዙ ተማሪዎች አንድም መርፌ ሳይወጉ ተመዝግበው ገብተዋል። እውነተኛውን ካርድ የያዘው የለጋምቦው ልጅ በር ላይ ቀርቷል። ዛሬ በግቢያችሁ የኩፍኝ በሽታ ቢነሳ በሬጅስትራሩ ማኅደር ውስጥ የተከማቹት ካርዶች ማን ተከትቦ ማን እንዳልተከተበ ሊነግሯችሁ አይችሉም። እኛን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተመዝግበው የገቡትም ልጆቻችን ናቸው።

በጦርነት መካከል ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ፣ ወንበሩ ተማግዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ልጆች ናቸው። ብሔራዊ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ ከ100 ተፈታኝ 10 እንኳ አልሞሉም። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ሆኖ የመጣን ልጅ ሕፃን ሳለ ባልተሰጠው ወረቀት ምክንያት መመለስ ለእኛ ፍትሕ ሆኖ አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በጤናና በክትባት ማስረጃ ጉድለት ምክንያት ብቻ የተመለሱ ተማሪዎች ሁሉ ያለ ቅጣትና ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአስቸኳይ ተጠርተው እንዲመዘገቡ፣ ዶርምና ምግብ እንዲያገኙ፣ ያመለጣቸው ትምህርት እንዲካካስላቸው።

ሁለተኛ፣ ክትባቱ በግቢው ውስጥ እንዲሰጥ። ዩኒቨርሲቲው ከዞን ጤና መምሪያ ጋር ተነጋግሮ የተማሪዎቹን ቁጥር አስቀድሞ ቢያሳውቅ የኩፍኝና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በምዝገባው ሳምንት ሊሰጥ ይችላል። የጉበት ክትባቱም የመጀመሪያው ዙር በምዝገባ፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተብሎ በትምህርት ካላንደሩ ላይ ቢሰፍር ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ ይጨርሳል። የክትባቱ ዋጋ በተማሪው ላይ እንዳይወድቅ ተቋሙ በጀት እንዲይዝለት ወይም ከሚመለከታቸው የጤና አካላት ጋር እንዲመክርበት እንጠይቃለን፤ የእኛ የጤና ባለሙያ አባላት በዚህ ሥራ ያለ ክፍያ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆናቸውን በዚሁ አጋጣሚ እናሳውቃለን። በጦርነቱ ዓመት ትምህርት ቤት በመዘጋቱ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ያመለጣቸው ሴት ተማሪዎች ካሉም በዚያው ጊዜ ተጠይቀው ምክር እንዲሰጣቸው።

ሦስተኛ፣ ካርድ የሌለው ተማሪ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ እንዲከተብ እንጂ እንዳይባረር። ከዚህ በኋላ የሚሰጠውን ክትባት የሚመዘግብ ካርድ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንዲሰጥ፣ ቅጂውም በክሊኒኩ እንዲቀመጥ።

አራተኛ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ከመስፈርቱ እንዲሰረዝ። የጉበት ቫይረስ ምርመራ ከክትባቱ በፊት በክሊኒኩ እንዲደረግና ውጤቱ ከሐኪሙና ከተማሪው ሌላ፣ ለፕሮክተርም (ለመኝታ ክፍል ተቆጣጣሪም) ሆነ ለሬጅስትራር ሠራተኛ፣ እንዳይደርስ። ውጤቱ በሰልፍ መካከል የተነበበበት ተማሪ በክብር ተጠርቶ ይቅርታ እንዲጠየቅ፣ ዶርሙ እንዲሰጠውና ክትትል ወደሚያገኝበት ሆስፒታል እንዲላክ።

አምስተኛ፣ የደረት ራጅ ምልክት ለታየባቸው ብቻ፣ በተቋሙ ወጪና በተቋሙ መኪና እንዲደረግ።

ስድስተኛ፣ የሚቀጥለው ዓመት መስፈርት ከመውጣቱ በፊት ከዞኖቹ ጤና መምሪያዎችና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ምክክር እንዲደረግበት፣ ለተፈታኞችም ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ በየትምህርት ቤታቸው እንዲነገራቸው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን፤ ለመነጋገር ብትፈልጉ በጠራችሁን ቀንና ቦታ ተወካዮቻችን ይገኛሉ። የተመለሱት ተማሪዎች ጉዳይ ግን ከእያንዳንዱ ቀን ጋር ትምህርት እያለፋቸው ስለሆነ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ተለይቶ ቀድሞ እንዲወሰን እናሳስባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች ተወካይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
የኮሚቴው ጸሐፊ
የኮሚቴው የጤና ባለሙያ አባላት

ግልባጭ፦
ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ
ለሰሜን ወሎ ዞን ጤና መምሪያ
ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት